ስለ ተጎዳ ሠራተኛ ካሳና ወደ ሥራው ስለ መመለሱ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ሆለታን፥ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከአምቦም በጉደር በኩል አድርጎ ወደ ጌዶ ይወጣል። አምቦን በሩቅ አገር ያስጠራት ፍል ውኃዋ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ስሙም ለግብሯ የተስማማ ነው። መገጣጠሚያው የሚያመው፥ ወገቡ የተያዘ፥ ስብራቱ ተጠግኖ እግሩ አልታጠፍ ያለው ሰው ሁሉ ሕመሙ እንዲቀልለት ወደዚያ ውኃ ይወርዳል።

ነገር ግን የሰውን ሕመም የምታቀልል ይህች አገር ሰውን የሚያደክምና የሚያቆስል ሥራም አላት። በአምቦ ዙሪያ የሚፈለጠው የአሸዋ ድንጋይ ተጠርቦ የአዲስ አበባን ቤቶች ግድግዳ አልብሷል። የአምቦን ውኃ በጠርሙስ መሙላት የተጀመረው በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሙገር የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ከዚያም ወዲህ ከመናገሻ እስከ ሆለታና ከዚያም አልፎ የአበባ ተክል ቤቶች በሰፊው ተዘረጉ። እነዚህ ሁሉ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ናቸው። ሆኖም የድንጋይ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል፤ መዶሻ ጣት ይጨፈልቃል፤ የድንጋይ ብናኝ በሳንባ ውስጥ ተከማችቶ ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የተሰበረ ጠርሙስ እጅ ይቈርጣል፤ ከባድ ሸክም ወገብ ይሰብራል፤ የተባይ መድኃኒትም ያለ መከላከያ የሚረጨውን ሰው ይመርዛል።

እንግዲህ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ጉዳት ሲያገኘው ሦስት ነገር ይገባዋል። መጀመሪያው መታከም ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጠፋበት ገንዘብና ስለ ጐደለ አካሉ መካስ ነው፤ ሦስተኛው ወደ ሥራው መመለስ ነው። ስለ መጀመሪያው የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። ሁለተኛውን ያለፉት መቶ ሠላሳና መቶ አርባ ዓመታት በሕግ አጸኑት። ሦስተኛው ግን በብዙ አገር፥ በእኛም አገር፥ እስከ ዛሬ ድረስ በጅምር ያለ ነገር ነው። የዚህ ጽሕፈት ነገር የዚህ የሦስተኛው ታሪክ ነው።

የጥንቱን ነገር ለመመልከት የኦሪት ዘፀአት ሃያ አንደኛው ምዕራፍ ይበቃል። በዚያ ሰው ከባልንጀራው ጋር ተጣልቶ ቢመታውና የተመታው ሰው ሳይሞት በአልጋ ላይ ቢተኛ፥ መቺው ሁለት ዕዳ እንዳለበት ተጽፏል፤ አንዱ ሥራ ስላስፈታው ሊከፍለው፥ ሁለተኛው እስኪድን ድረስ ሊያሳክመው ነው። የዛሬ ሕግ የሕክምና ወጪና የደመወዝ ምትክ ብሎ የሚጠራቸው ሁለቱ ነገሮች በዚህ ተለይተው ይገኛሉ። መጽሐፈ ሲራክም በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ በመጀመሪያ ሐኪምን ካመሰገነ በኋላ ዝቅ ብሎ ስለ አራሹ፥ ስለ ማኅተም ቀራጩ፥ ስለ አንጥረኛውና ስለ ሸክላ ሠሪው ይናገራል። አንጥረኛው ከምድጃው ሙቀት ጋር ሲታገል የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እንደሚያመነምነው ይገልጣል፤ ያለ እነዚህም ሰዎች ከተማ ሊቆም እንደማይችል ያስታውቃል። ሐኪሙና ሠራተኛው በአንድ ምዕራፍ መገናኘታቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በምዕራብ ሸዋም የገዛ አገሩ ሥርዓት ነበረ፥ አሁንም አለ። የሜጫ ኦሮሞ በጌዶ አቅራቢያ ባለው በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር ሕጉን ሲደነግግ ኖሯል። ጉማ የሚባለው ሥርዓት ደም ያፈሰሰ ሰው ወገን ለተጎዳው ወገን የሚከፍለው ካሳ ነው፤ ከካሳውም ጋር ዕርቅ ይፈጸማል። አጥንቱ የተሰበረውን ሰው ደግሞ ወጌሻ ያየዋል፤ ስብራቱን በእጁ ዳብሶ ያቃናል፥ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ በጨርቅ ያስራል። ባለ እርሻው ታሞ የተኛ እንደሆነ ጎረቤቶቹ በደቦ ወይም በጂጊ ወጥተው ያርሱለታል፥ ያርሙለታል፥ ያጭዱለታል።

ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ሦስተኛው ነገር የሚያስተምረው ደቦ ነው። የታመመው ገበሬ በተኛበት ወራት እርሻው የሌላ ሰው አይሆንም፤ ጎረቤቶቹ ቦታውን ይጠብቁለታል። ሲሻለውም በአንድ ቀን እንደ ቀድሞው ሙሉ ሰው ሁን አይባልም። በመጀመሪያ ከብት ይጠብቃል፥ ቀጥሎም ዘር ይበትናል፥ ጉልበቱ ሲመለስ ሞፈር ይጨብጣል። ማንም በመጽሐፍ ሳይጽፈው፥ ሥራው እንደ ጉልበቱ ይለካለት ነበር።

ይህ ሥርዓት የሚያገለግለው ግን የራሱ መሬትና ጎረቤት ላለው ሰው ነው። የእጅ ሙያ ያለው ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የተናቀ ነበር፤ ቀጥቃጩ፥ ፋቂውና ሸማኔው በስድብ ስም ይጠሩ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሥራው ራሱ ከተናቀ በሥራው የደረሰውን ቁስል ማን ይቈጥርለታል? ከዚያም የደመወዝ ሥራ መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሥራው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከአገሩና ከዘመዱ ርቆ፥ በማያውቀው ሰው ሥር፥ በወር ወይም በቀን ሒሳብ የሚሠራበት ዘመን ሆነ። እንዲህ ያለው ሠራተኛ እጁ ቢቈረጥ ደቦ የሚወጣለት እርሻ የለውም፤ በማግስቱም ሌላ ሰው በስፍራው ይቆማል።

በአውሮፓም ነገሩ አስቀድሞ ይኸው ነበረ። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ኢጣልያዊ ሐኪም በ1700 ዓ.ም. በሞዴና ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን ሥራህ ምንድር ነው ብሎ ሊጠይቀው እንደሚገባም አስተማረ። ሕጉ ግን ከርሱ በኋላም ብዙ ዘመን ዘገየ። በፋብሪካ የተጎዳ ሰው ካሳ እንዲያገኝ የጌታውን ጥፋት በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት፤ ድኻ ሰውም ከባለ ፋብሪካ ጋር ሲሟገት ብዙ ጊዜ ይረታ ነበር። በ1884 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት በቢስማርክ ጊዜ የአደጋ ዋስትና ሕግ አወጣ። ባለ ፋብሪካዎች በየሙያቸው ማኅበር ገብተው መዋጮውን እነርሱ ብቻ እንዲከፍሉ፥ የተጎዳውም ሠራተኛ ጥፋቱ የማን ነው ሳይባል እንዲረዳ አደረገ። እንግሊዝ በ1897፥ ፈረንሳይም በ1898 ዓ.ም. በየራሳቸው መንገድ ይህን የመሰለ ሕግ አወጡ።

ከዚህም አንድ ያልታሰበ ጥቅም ተገኘ። በጀርመን ለአካለ ጎዶሎው ዕድሜ ልኩን ጡረታ የሚከፍሉት የአሠሪዎቹ ማኅበሮች ስለ ነበሩ፥ ሰውየው በደንብ ድኖ ወደ ሥራው ቢመለስ የሚቀልላቸው ለራሳቸው መሆኑን አስተዋሉ። በ1890 ዓ.ም. በቦሁም ከተማ ለማዕድን ቈፋሪዎች የተሠራው ሐኪም ቤት በዓለም የመጀመሪያው የአደጋ ሐኪም ቤት ይባላል። ቁስልን ማድረቅ ብቻ ሳይሆን የእጅንና የእግርን ጉልበት መመለስ የሕክምና ክፍል የሆነው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። ካሳውን የሚከፍለውና ሠራተኛውን የሚመልሰው አንድ ወገን ሲሆን መመለሱ ይታሰብበታል፤ ሁለቱ ሲለያዩ ግን ከፋዩ ከፍሎ ይሄዳል፥ ሰውየውም ገንዘቡን በልቶ ከቤቱ ይቀራል።

ኢትዮጵያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የዓለም የሥራ ድርጅትም አባል ሆነች። በ1936 ዓ.ም. ስለ ፋብሪካዎች የወጣው አዋጅ መንግሥት በፋብሪካ ውስጥ ያለውን የሥራ ሁኔታ እንዲቆጣጠር ሥልጣን ሰጠ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና እንዲጠብቅ ግዴታ ጣለበት፤ በሥራ ስለሚመጣ አደጋና በሽታም ኃላፊነቱን ደነገገ። በዚያ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር ገና አልተፈቀደም ነበርና ሠራተኞች በእድርና በመረዳጃ ማኅበር ስም ተሰብስበው፥ ባልንጀራቸው ሲታመም ገንዘብ አዋጥተው ይረዱ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ፥ ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ማኅበራቸውን በሕግ አቆመላቸው። ዘመን ሲለወጥ ሕጉም በ1968፥ በ1985ና በ1996 ዓ.ም. እየታደሰ መጥቶ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ወጣ።

ይህ አዋጅ የሚያዝዘውን ማወቅ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ይጠቅማል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራው ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ኃላፊነቱ የሚቀርለት ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ያደረሰ እንደሆነ ነው፤ ይኸውም በግልጥ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ መጣስና ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት ነው። አሠሪው የተጎዳውን ወዲያው የመጀመሪያ ርዳታ ሊሰጠው፥ በሚመች መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው፥ ለሚመለከተውም መሥሪያ ቤት ሊያስታውቅ ይገባዋል። የሕክምናውን፥ የመድኃኒቱን፥ አስፈላጊም ከሆነ የሰው ሠራሽ አካሉን ወጪ ይችላል። ሠራተኛው በሕክምና ላይ ሳለ የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዙን፥ የሚቀጥለውን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፥ የቀረውን 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይቀበላል። ሙሉ በሙሉና ለዘወትር መሥራት የተሳነው፥ በጡረታ ሕግም የማይሸፈን ከሆነ፥ የ5 ዓመት ደመወዙን ያገኛል፤ ጉዳቱ በከፊል ከሆነም በዚያው ልክ ተመዝኖ ይከፈለዋል።

እስከዚህ ድረስ ሕክምናውና ካሳው ነው። ስለ መመለሱ ስንጠይቅ ግን ነገሩ ይጠባል። በዚሁ የሥራ ሕግ ሠራተኛው በከፊልም ይሁን በሙሉ ዘላቂ ጉዳት ምክንያት መሥራት የተሳነው እንደሆነ ውሉ በሕግ ይፈርሳል። የነገሩ ሁሉ ማጠፊያ መሥራት መቻልና አለመቻል በሚለው ቃል ላይ ነው። ሁለት ጣቱን ያጣ ድንጋይ ጠራቢ መዶሻና መሮ መጨበጥ አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የድንጋዩን ጥራት በዓይኑ ያውቃል፥ የተጫነውን ሊቈጥር፥ ለጀማሪዎች ሙያ ሊያስተምር ይችላል። መሥራት አይችልም የተባለው የትኛውን ሥራ ነው? የቀድሞውን ብቻ ከሆነ ሰውየው ከነሙያው ይጣላል፤ ሊሠራ የሚችለው ሁሉ ከታሰበ ግን ስፍራ ይገኝለታል።

ይህን ጥያቄ ሌሎች ሕጎች በከፊል መልሰውታል። የዓለም የሥራ ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ያወጣውና ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. የተቀበለችው ስምምነት ቁጥር 159፥ አካለ ጉዳተኛ ሰው የሚስማማውን ሥራ እንዲያገኝ፥ በሥራው እንዲቆይ፥ በሥራውም እንዲያድግ ሊረዳ እንደሚገባ ያስተምራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ አሠሪው ለአካለ ጉዳተኛው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻችለት፥ ባስፈለገም ጊዜ ረዳት እንዲመድብለት ያዝዛል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715፥ ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ለቻለው ሰው የአንድ ጊዜ ክፍያ፥ መሥራት ለማይችለው ደግሞ የወር አበል ደነገገ። በዚህም ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ስለ ተመለሰ ብቻ ካሳው እንዳይቀርበት ተደረገ።

ለአካል ጥገናም መሠረት አልታጣም። በመናገሻ፥ በዚሁ በምዕራቡ መንገድ አጠገብ፥ አካላቸው በበሽታ ለተጎዳ ሕፃናት የቼሻየር መርጃ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ቆመ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ፥ ይኸውም በፈረንጅ አቆጣጠር፥ አካለ ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ተመሠረተ። ከ1979 ዓ.ም. ወዲህ የዓለም ቀይ መስቀል ኮሚቴ በኢትዮጵያ የሰው ሠራሽ እግርና እጅ ሥራን ሲረዳ ቆይቷል። የጐደለው ከአካሉ ጥገና እስከ ሥራው ደጃፍ ያለው አጭር መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ የተጎዳውን ሰው እጁን ይዞ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህን መንገድ መጥረግ ታላቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ለምሳሌ ያህል በአምቦ አጠገብ በድንጋይ ሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው እግሩ ተሰበረ እንበል። የመጀመሪያው ነገር እግሩ ሳይነቃነቅ ደግፎ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ ያለው ሰው ነው፤ ነገር ግን ማሰሪያው አለቅጥ ከጠበቀ ደም መመላለስ ተከልክሎ እግሩ ይሞታል፥ በመጨረሻም ይቈረጣል። ሐኪሞች ደጋግመው ያስጠነቀቁት ስለዚህ ነው፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከደነዘዙ ወይም ከጠቈሩ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት። ሁለተኛው ነገር አደጋው የደረሰበትን ቀን፥ ስፍራና አኳኋን፥ ያዩትንም ሰዎች ስም መጻፍ ነው፤ ኋላ ሙግት ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል፥ ሁለተኛም ሰው በዚያው ስፍራ እንዳይጎዳ ያስጠነቅቃል።

ሦስተኛው ነገር መጠየቅ ነው። አለቃው ወይም ባልንጀራው በሳምንቱ ሄዶ ቢጠይቀው፥ ስፍራህ ተጠብቆልሃል ቢለው፥ ያ ቃል መድኃኒት ይሆነዋል። ሰው ከሥራው ብዙ ወራት ተለይቶ በቆየ ቁጥር የመመለሱ ነገር እያጠራጠረ እንደሚሄድ በብዙ አገር ታይቷል፤ ጉልበት ይሰንፋል፥ ልብ ይፈራል፥ ዕዳም ይበዛል። አራተኛው ነገር ከሐኪም የሚመጣው ወረቀት ነው። ታሟል ወይም ድኗል የሚል ወረቀት ብቻ ለአሠሪው አይበቃውም፤ ይህን ያህል ኪሎ ማንሳት ይችላል፥ ይህን ያህል ሰዓት መቆም ይችላል፥ መሰላል ግን አይውጣ ብሎ ቢጻፍ አሠሪው የሚሰጠውን ሥራ ያውቃል። አምስተኛው ነገር ደቦ የሚያስተምረው ልክ ነው፤ በመጀመሪያ በግማሽ ቀንና በቀላል ሥራ ይጀምር፥ ኋላም ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ሥራው ይግባ። የቀድሞው ሥራ ከናካቴው የማይቻለው እንደሆነ ሳይሰናበት በፊት በዚያው ድርጅት ሌላ ሥራ ይፈለግለት።

ይህ ሁሉ ቋሚ ሠራተኛ ለሆነ ሰው ብቻ የተነገረ የሚመስለው ብዙ ነው። በድንጋይ መፍለጫውና በቤት ሥራው ላይ ያሉት ሰዎች የሚቀጠሩት በማለዳ፥ በቃል ብቻ ነው፤ ሲጎዱም ውል አልነበረንም ብለው ዝም ይላሉ። ሕጉ ግን የሥራ ውል በቃልም ይጸናል ይላል። ውሉ ያልተጻፈ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት ይገባዋል፤ ባይሰጠውም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ይህን አንድ ነገር የማያውቅ ሰው በሌላው ሕግ ሁሉ ሳይጠቀም ይቀራል። ሰው በተሰበሰበበት፥ በእድር ዕለትና በየመሥሪያ ቤቱ ሊነገር የሚገባውም ይህ ነው።

የጥንቱ ደቦ ለታመመው ገበሬ እርሻውን ይጠብቅለት ነበር። የዛሬው ሠራተኛ እርሻው የተቀጠረበት ስፍራ ነው። ሕጉ ጎረቤት ሆኖ ዓመት ያህል ይደግፈዋል፥ ስለ ጐደለው ጣቱም ይክሰዋል። ከዚያ በኋላ የድንጋይ መፍለጫው በር በማለዳ ሲከፈት የዳነው ሰው ከባልንጀሮቹ መካከል ቆሞ እንዲገኝ ማድረግ ግን በአለቃው፥ በሐኪሙና በባልንጀሮቹ እጅ ነው።